በቃል ያለ ሁሉ ይረሳልን?



አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በጋዜጣ ሥራ ላይ ለተሰማራ ሰው ይህ አባባል እንደ መመሪያ ሆኖ ያገለግላል። የተናገሩት ይጠፋል፣ የጻፉት ግን ይቀራል እያልን ብዕር እናነሳለን። ይሁን እንጂ የጻፉት ነገር መቅረቱ ሁልጊዜ መልካም ነውን? ስህተት ተጽፎ ቢቀርስ? በቃል ያለስ ሁሉ በእርግጥ ይረሳልን? እነዚህን ጥያቄዎች እንዳነሳ ያስገደደኝ በራሴ እጅ የተፈጸመ ስህተት ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የተከበሩ ኡስታዝ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስለ ብድርና ዕዳ የሰጡትን ትምህርት ተከታትዬ ነበር። ንግግራቸውን በስልኬ ቀዳሁ፤ በማስታወሻ ደብተሬም ጥቂት መስመሮች አሰፈርኩ። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ግን ከአራት ቀን በኋላ፣ ሌሊት ላይ ነው። ጊዜ ስለጠበበኝ ቅጂውን መልሼ አላዳመጥኩትም። ትምህርቱ ገብቶኛል፣ ልቤም ይዞታል ብዬ ተማመንኩ። በጽሑፌም ኡስታዙ «ለተቸገረ ተበዳሪ ዕዳውን ይቅር ያላለ አበዳሪ ወንጀል አለበት» ማለታቸውን ገለጽኩ።

ጋዜጣው በወጣ በሳምንቱ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ጽሑፉን ይዞ አበዳሪው ዘንድ ሄደ። «ኡስታዙ ያሉትን አንብብ፤ ይቅር ካላልከኝ ወንጀሉ ያንተ ነው» አለው። አበዳሪውም ቢሆን ሀብታም አልነበረም። ያበደረው ገንዘብ ለልጁ መዳሪያ ያጠራቀመው ነበር። ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመው የሰገዱ ሁለት ጎረቤታሞች ተኳረፉ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ኡስታዙ ዘንድ ደረሰ። ኡስታዙም እኔን አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይህን እኔ ብያለሁ?» አሉኝ።

«አዎ ኡስታዝ፣ ብለዋል» አልኳቸው።

እየዋሸሁ አልነበረም። ድምፃቸው ገና በጆሮዬ ውስጥ ነበር። ቅጂውን ከፍተን አብረን ስናዳምጥ ግን የተናገሩት ሌላ ሆኖ ተገኘ። ለተቸገረ ተበዳሪ ጊዜ መስጠት ግዴታ መሆኑን፣ ዕዳውን ይቅር ማለት ግን ሰደቃ መሆኑንና አላህ ዘንድ ታላቅ ምንዳ እንዳለው ነበር ያስረዱት። እኔ ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጌያቸዋለሁ። የግዴታውን ክብደት ከመጀመሪያው ወስጄ በሰደቃው ላይ ጫንኩት።

ኡስታዙ አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጅ ሆነህ ቁርአን ቤት ገብተሃል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ገብቻለሁ።»

«ሉህህን ለሸኽህ ሳታሰማ አጥበህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ታዲያ የእኔን ቃል ለእኔ ሳታሰማ ለምን አሳተምከው?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው።

ልብ የሚይዘውና የሚለቀው

ለመሆኑ ያልዋሸ ሰው ያልተባለውን ተባለ ብሎ እንዴት ይመሰክራል? ስለ ማስታወስ የተደረጉ ጥናቶች በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራሉ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ ራሱን መፈተኛ አድርጎ ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር ድምፆች በቃሉ አጠና። ከዚያም በተለያየ ጊዜ እንደገና ሲያጠናቸው ምን ያህል ድካም እንደሚቀንስለት ለካ። ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ 58 በመቶው፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶው፣ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ 21 በመቶው ድካም ይቀንስለት ነበር። ከዚህ የምንረዳው መርሳት ቀስ በቀስ የሚመጣ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ብዙውን ጠራርጎ የሚሄድ መሆኑን ነው። እኔ አራት ቀን ቆይቼ ነበር።

የቀረውም ቢሆን እንደነበረ አይቀርም። ጃክሊን ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣችው ጥናት አድማጮች የሰሙትን ዓረፍተ ነገር ትርጉም እንደሚይዙ፣ ቃላቱ የተደረደሩበትን መልክ ግን ወዲያው እንደሚለቁት አሳይታለች። የእንግሊዙ ፍሬደሪክ ባርትሌት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ለእንግሊዛውያን የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት አስነብቦ በየጊዜው እንዲደግሙለት ማድረጉን ይተርካል። በተረቱ ውስጥ ያለው ታንኳ ቆይቶ ጀልባ ሆነ። የባሕር እንስሳ አደንም ዓሣ ማጥመድ ሆነ። ለሰዎቹ እንግዳ የሆነባቸው ነገር ወደሚያውቁት ነገር ተለወጠ። ለውጡን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቁት ነበር የሚያደርጉት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሰዎቹ ተረቱን በጽሑፍ ያነበቡት መሆኑ ነው። አንብቤዋለሁና አልስትም የሚል ሰው ይህን ያስብ።

እርግጥ በጆሮና በዓይን መካከል ልዩነት አለ። አንባቢ ያልገባው ቦታ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አድማጭ ግን በተናጋሪው ፍጥነት ይጓዛል። በአንጻሩ ድምፅ ወረቀት የማይሸከመውን ይሸከማል። ተናጋሪው የት እንዳዘነ፣ የት እንደጠነከረ ጆሮ ያውቃል። ለእኔ ስህተት ምክንያት የሆነውም ይኸው ይመስለኛል። ኡስታዙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩት ይቅር ስለማለት ሲያስተምሩ ነበር። ልቤ የያዘው የድምፁን ጥንካሬ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ያ ጥንካሬ በእጄ ላይ ግዴታ ሆኖ ተጻፈ።

በቃል የተጠበቀው

እስከዚህ ድረስ ያልነው የአበውን አባባል የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን እኛ ሙስሊሞች አባባሉን እንዳለ መቀበል አንችልም። ቁርአን ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የወረደው በመጽሐፍ ተጠርዞ አይደለም። ተነበበላቸው፤ እርሳቸውም ለባልደረቦቻቸው አነበቡ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ማንበብን የሚያዝ ሆኖ ሳለ ትእዛዙ የደረሳቸው ነቢይ ግን መጻፍና ማንበብ የማይችሉ ነበሩ።

ወደ አገራችንም ቢሆን ቁርአን መጀመሪያ የገባው በወረቀት ሳይሆን በሰው ልብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ615 ጀምሮ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሐባዎች መካከል ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት በቆሙ ጊዜ፣ ንጉሡ ከወረደላችሁ ነገር ከእናንተ ጋር ያለ አለን ብለው ጠየቋቸው። ጃዕፈር የዘረጉት ብራና አልነበረም። የመርየምን ምዕራፍ መጀመሪያ በቃላቸው ቀሩ። ንጉሡም አለቀሱ። ይህን ታሪክ ያስተላለፉልን በስደቱ ላይ የነበሩት እሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። በሐበሻ ምድር በቃል የተሰማው ከ1400 ዓመታት በኋላም አልተረሳም።

ታዲያ ያው የሰው ልብ የኡስታዙን ሁለት ዓረፍተ ነገር በአራት ቀን ሲያደባልቅ ቁርአንን እንዴት ያዘ? አላህ ሊጠብቀው ቃል ስለገባ ነው እንላለን፤ እናምናለንም። አላህ ጥበቃውን ያደረገበት ሰበብ ግን በየቁርአን ቤቱ የምናየው ነው። ልጁ ትምህርቱን በሉሁ ላይ ይጽፋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደጋግመዋል፤ ከዚያም ሉሁን ሳያይ ለሸኹ ያሰማል። ከሳተ ይታረማል። ሉሁ የሚታጠበው ሸኹ ሲያሳልፉት ብቻ ነው። የትናንቱም ነገ ይከለሳል።

በቅርቡ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ሥርዓት ያጠናክራሉ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው ደግሞ አንብቦ ሳያይ እንዲወጣው አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የተወጡት በለጡ። ካናዳዊው ኮሊን ማክሊዮድና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2010 ድምፅ አውጥቶ የተነበበ ቃል በዝምታ ከተነበበው ይበልጥ እንደሚታወስ አሳይተዋል። ደረሳው በሉሁ ላይ ጎንበስ ቀና እያለ ሲጮህ «ይህ ልጅ ሳይገባው ይጮኻል» እያሉ የሚያላግጡ ሰዎች ይህን ቢያዩት መልካም ነው።

እንግዲህ በቃል ያለ ሁሉ አይረሳም። የሚረሳው ሰምተን የተውነው ነው። ሰምተን፣ ደግመን፣ ለሚያርመን ሰው ያሰማነው ግን ይቆያል።

ብዕርም ብቻውን አይበቃም

ሶሐባዎች በቃል መያዝን ሲያከብሩ ብዕርን አልናቁም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የወሕይ ጸሐፊዎች ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በ632 ወደ አኼራ ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ በየማማ ጦርነት ብዙ ሐፊዞች ሲገደሉ ዑመር (ረ.ዐ) ደነገጡ። ልብ ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳልና። ቁርአኑ በአንድ ቦታ እንዲሰበሰብ ለአቡበክር (ረ.ዐ) ሐሳብ አቀረቡ። አቡበክር ነቢዩ ያልሠሩትን ነገር እንዴት እሠራለሁ ብለው አመነቱ፤ በኋላም ተቀበሉት። ሥራው የተሰጣቸው ዘይድ ኢብን ሳቢት (ረ.ዐ) ተራራ አንሳ ብባል ይቀለኝ ነበር እስከማለት ደርሰዋል።

ዘይድ ቁርአንን በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ቁጭ ብለው ከልባቸው ቢጽፉት ማን ይከለክላቸዋል? እርሳቸው ግን ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከጠፍጣፋ ድንጋይና ከሰዎች ልብ እየፈለጉ አመሳከሩ። የሚያውቁትን አንቀጽ እንኳ በሌላ ሰው ዘንድ ተጽፎ እስኪያገኙት ድረስ ፈለጉ። ያን የሚያህል ሐፊዝ ልቡን ብቻ አላመነም። እኔ የአራት ቀን ትዝታዬን አመንኩ።

በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ቅጂዎች ተባዝተው ወደ ታላላቅ ከተሞች ሲላኩ ከቅጂው ጋር የሚያስቀራ ሰው አብሮ እንደተላከ ይተረካል። የዚያን ጊዜ አጻጻፍ ነጥብ እምብዛም የማይደረግበት፣ የአናባቢ ምልክትም የሌለው ነበር። ዛሬ በነጥብ የምንለያቸው ባ እና ታ መልካቸው አንድ ነበር። ያልሰማ ሰው በትክክል ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ ብዕሩ ልብን እንዳይረሳ ጠበቀው፤ ልብም ብዕሩን እንዳይጣመም ጠበቀው።

ጽሑፍ ልብን ሊያሰንፍ እንደሚችል የጥንት ሰዎችም ያውቁ ነበር። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን ፌድሮስ በተባለው ሥራው ጽሕፈትን ፈጠርኩ ብሎ የተመካን አንድ የግብፅ አምላክ፣ ንጉሡ «ይህ ለሰዎች መርሳትን ያመጣል» በሚል መንፈስ እንደመለሰለት ሶቅራጥስን ያስተርከዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ ቤትሲ ስፓሮውና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ሰዎች ኮምፒዩተሩ ይይዝልኛል ብለው ያሰቡትን ነገር ይጠፋል ከተባሉት ባነሰ ሁኔታ እንዳስታወሱ ገልጸዋል። እኔም ስልኬ ቀድቶልኛል ብዬ በግማሽ ልብ አዳመጥኩ፤ ልቤ ይዞታል ብዬ ደግሞ ስልኬን አልከፈትኩም። ሁለቱን ጠባቂዎች አንዱን በሌላው አሳብቤ ሁለቱንም አጣኋቸው።

ሰነዱ ማን ነው?

በቀጣዩ ሳምንት ጋዜጣው ማረሚያ አወጣ። አበዳሪው ጊዜ ሰጠ፤ ተበዳሪውም ቀስ በቀስ ከፈለ። ብድሩ ግን በቃል ብቻ ስለነበር በመክፈያው ቀን እንኳ አልተስማሙም። ሁለቱም እውነተኞች ነበሩ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ቀን ያስታውሱ ነበር። በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ ዕዳ እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት የሚያዘው በከንቱ አይደለም። ስለ ምስክሮች ሲናገርም መሳትንና ማስታወስን በግልጽ ያነሳል። መጻፍ አለመተማመን ነው የሚል ሰው አንቀጹን አላስተዋለም። መጻፍ ወዳጅን ከሌባ ሳይሆን ከመርሳት መጠበቅ ነው።

ማረሚያው ግን ሁሉ ዘንድ አልደረሰም። ከዓመት በኋላ በአንድ ኒካሕ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስለ ዕዳ ጨዋታ ሲነሳ ያንኑ የእኔን ስህተት ተናገረ። «ኡስታዙ ናቸው ያሉት፤ መስጂድ ውስጥ ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ አያውቅም። ምናልባት ትምህርቱን ሰምቶ ይሆናል። ያን ዓረፍተ ነገር ግን ከጋዜጣው እንጂ ከኡስታዙ ሊሰማው አይችልም። ያነበበውን ሰማሁ ብሎ ያስታውሰዋል። እርሱም እንደ እኔ አልዋሸም።

ብዙ ጊዜ ከነገሩ ቀድሞ ከልብ የሚጠፋው «ማን አለ?» የሚለው ነው። ነገሩ ይቀራል፤ ባለቤቱ ይጠፋል። ይባስ ብሎ ነገሩ በተደጋገመ ቁጥር እውነት መስሎ ይታያል። ሊን ሀሸር፣ ዴቪድ ጎልድስታይንና ቶማስ ቶፒኖ እ.ኤ.አ. በ1977 ይህን አሳይተዋል። ሰዎች በተለያዩ ሳምንታት ደጋግመው የቀረቡላቸውን ዓረፍተ ነገሮች፣ እውነት ይሁኑ ሐሰት፣ ካልተደጋገሙት ይልቅ አመኗቸው። ቁርአንን በልብ የሚያጸና ድግግሞሽ ወሬንም በልብ ያጸናል ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው የሚያርመው ሸኽ መኖሩ ላይ ነው።

የሐዲስ ሊቃውንት ኢስናድን ያቆሙት በዚሁ ቀዳዳ ላይ ነው። ነገሩ ብቻውን አይቀርብም፤ ከማን፣ እርሱስ ከማን እንደሰማው አብሮ ይነገራል። ስሙ ከተቆረጠ ነገሩ ይወድቃል። እዚህ ላይ አንድ ቃል አስተውሉ። በአማርኛችን «ሰነድ» ስንል ወረቀት ማለታችን ነው። ቃሉ ከአረብኛ የመጣ ሲሆን በሐዲስ ትምህርት «ሰነድ» የሚባለው ግን የሰዎች ሰንሰለት ነው። መሠረቱ መደገፊያ ማለት ነው። ወረቀትም ይሁን ሰው፣ ነገር የሚደገፍበት ያስፈልገዋል።

ዛሬ በቴሌግራም የሚደርሰን የድምፅ መልእክት ተናጋሪው አይታወቅም። ተቆርጦ የሚላክልን ተንቀሳቃሽ ምስል ምን ሲቀድመውና ምን ሲከተለው እንደነበር አናይም። «ዑለሞች እንዲህ ብለዋል» የሚል ጽሑፍ ይደርሰናል፤ የትኞቹ ዑለሞች፣ የትና መቼ? ሳንጠይቅ ለሌላው እናስተላልፋለን። የምናስተላልፈው ቃል ነው ወይስ ጽሑፍ የሚለው ዋናው ጉዳይ አይደለም። ሁለቱም ሰነድ አጥተዋል።

ቅንነት በቂ ነውን?

«እኔ በቅንነት ነው ያስተላለፍኩት» የሚለው መልስ ሁላችንም ዘንድ አለ። እኔም ኡስታዙ ፊት ይህን ለማለት ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ነበር። ነገር ግን የሐዲስ ሊቃውንት ከአንድ አስተላላፊ ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር፤ ዐዳላ እና ደብጥ፣ ማለትም የሥነ ምግባር ታማኝነትና የአያያዝ ትክክለኛነት። ሌሊቱን ሲሰግድ የሚያድር፣ ውሸት በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ትዝታው ደካማ ከሆነ ዘገባው ደካማ ይባላል። ኢማም ማሊክ በመዲና በደግነታቸው የሚያከብሯቸውን አንዳንድ ሰዎች ሐዲስ አልወሰዱም። ደግ መሆን አንድ ነገር ነው፤ የሰሙትን በትክክል ማድረስ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ለእኛ ከባድ ትምህርት ነው። ወንጀል የሚመጣው ከውሸት ብቻ ይመስለናል። ሳያረጋግጥ የሚናገር እውነተኛ ሰው ግን ሁለት ጎረቤታሞችን ያጣላል። እኔ አጣልቻለሁ። ጆሮ፣ ዓይንና ልብ ሁሉም ተጠያቂዎች መሆናቸውን ቁርአን ሲነግረን ጥያቄው «ዋሽተሃልን?» የሚለው ብቻ አይመስለኝም።

«እንዲህ ከሆነማ ማንም አፉን ሊከፍት አይችልም፤ የቡና ላይ ጨዋታ ሁሉ በኢስናድ ሊሆን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱም ከቀደምቶቹ ዘንድ አለ። ከሶሐባዎች መካከል ሐዲስ ተናግረው ሲጨርሱ «ወይም እንዳሉት» የሚል ቃል የሚጨምሩ ነበሩ። ዛሬም ኹጥባ የሚያደርጉ ኢማሞች «አው ከማ ቃል» ሲሉ እንሰማለን። ትርጉሙ፣ ሐሳቡን ይዣለሁ፣ ቃሉን ግን አልማልበትም ማለት ነው። ማንም ዝም ይበል አልተባለም። የምናውቀውን ከሚመስለን እንለይ፤ የሰው ክብር፣ ገንዘብ ወይም ዲን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ወደ ባለቤቱ እንመለስ ነው።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ንግግር ስጽፍ ቅጂውን አዳምጣለሁ፤ ጥርጥር ካለኝ ለተናጋሪው አነብለታለሁ። አንዳንዱ ይሰለቻል፤ አንዳንዱ «እንዲህ አላልኩም» ይለኛል። ሁለተኛውን ስሰማ አላህን አመሰግናለሁ። ያ ስህተት ሳይታተም ቀርቷልና።

እናንተም የሰማችሁትን ወይም ያነበባችሁትን ለሌላው ከማድረሳችሁ በፊት ከማን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ሉሁ የሚታጠበው ለሸኹ ከተሰማ በኋላ ነው።

ወላሁ አዕለም።